ቀረጻና ቅርፅ፡- የአማርኛ ዘፈን ከሸክላ እስከ መርካቶ ካሴት

1. መነሻ

በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ጥናት ዘፈን ሲነሣ የተለመደው አሠራር ይህ ነው። አጥኚው ዘፈኑን ከካሴት እየሰማ ግጥሙን ወደ ወረቀት ይገለብጣል፤ ስንኞቹን ይቆጥራል፤ ቤት አመታታቸውን ይመረምራል፤ ሰሙን ከወርቁ ይለያል፤ ከዚያም ግጥሙ ስለ ፍቅር፣ ስለ ስደት ወይም ስለ አገር የሚለውን ይተነትናል። ካሴቱ ሥራውን ስለ ጨረሰ ወደ መሳቢያው ይመለሳል። ድምፁ በምን መሣሪያ፣ በምን ዐይነት ክፍል፣ በስንት ደቂቃ ልክ እንደ ተያዘ የሚጠይቅ ጥናት ጥቂት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ ወደ መሳቢያ የተመለሰው ካሴት የጥናቱ መሣሪያ ብቻ ሳይሆን የሚጠናው ነገር አካል መሆኑን ማሳየት ነው። የምከራከርበት ነጥብ በአጭሩ እንዲህ ሊባል ይችላል፡- ዛሬ እንደ ቅርስ የምንቈጥራቸው የ1960ዎቹ መጨረሻና የ1970ዎቹ ዘፈኖች የግጥማቸው ርዝመት፣ የአዝማቻቸው ቦታና ድግግሞሽ፣ የድምፃዊውና የመሣሪያው ቅብብል በገጣሚው ወይም በዜማ ደራሲው ብቻ የተወሰነ አይደለም። ማይክራፎኑ፣ ሸክላው፣ የቴፑ ክር፣ በመጨረሻም የመርካቶ ካሴት ቤት አብረው ወስነውታል። ቋንቋችን ይህን ዝምድና አስቀድሞ የሚያውቅ ይመስላል፤ ድንጋይ የሚጠረብበትም ሆነ ድምፅ የሚያዝበት ግስ አንድ ነው፤ ቀረጸ። ድምፅን የቀረጸ፣ ቅርፅም ሰጥቶታል።

በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባሉ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው።

2. ልክ የሌለው ዘፈንና ልክ ያለው ሸክላ

የአዝማሪ ዘፈን አስቀድሞ የተወሰነ ፍጻሜ የለውም። አዝማሪው ዜማውን ይይዛል፤ ስንኙን ግን እንደ አድማጩ ሁኔታ ይጨምራል። ከተቀመጡት አንዱ ግጥም ይሰጠዋል፤ እሱም ተቀብሎ ያዜመዋል። የሚያሞግሰው ሰው ከመጣ ሙገሳ ይገባል፤ የሚሸልም ከተገኘ ዘፈኑ ይረዝማል፤ ጨዋታው ከቀዘቀዘ ያጥራል። ስለዚህ "ይህ ዘፈን ስንት ስንኝ አለው?" የሚለው ጥያቄ በአዝማሪ ቤት ብዙ ትርጉም አይሰጥም። ርዝመቱ የሚወሰነው በማኅበራዊው ግንኙነት ነው።

ሸክላ ሲመጣ ይህ ጥያቄ ትርጉም አገኘ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን የሄዱት ተሰማ እሸቴ፣ በኋላ ነጋድራስ የተባሉት፣ በ1908 ገደማ በዚያ አገር ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። የዚያ ዘመን ሸክላ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞር ሲሆን በአንድ ገጹ የሚይዘው ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ብቻ ነው። እኒያ በቃል ግጥማቸው የታወቁ ሰው በተመልካች ፊት ሳይሆን በቀንድ መሰል መቅረጫ ፊት ቆመው፣ ግጥም የሚያቀብል ሰው ሳይኖር፣ መርፌው ወደ መካከል ከመድረሱ በፊት መጨረስ ነበረባቸው። የአማርኛ ዘፈን ግጥም ከሰዓት ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ የተገናኘው በዚህ አጋጣሚ ነው ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ሸክላ በአገር ውስጥ ሥርዓት ያለው ኅትመት ለመሆን ብዙ ዓመታት ፈጅቷል። በ1948 የወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብትን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር። ይህን የአንድ ወገን መብት በ1969 በድፍረት የጣሰው አምሃ እሸቴ ነው። የመጀመሪያው ሥራው በአለማየሁ እሸቴ የተዘፈነ ነጠላ ሸክላ ሲሆን የታተመውም በሕንድ ነበር፤ በኋላ ኅትመቱ ወደ ሊባኖስ ዞረ። አምሃ ሪከርድስ እስከ 1975 ድረስ 103 ነጠላ ሸክላዎችንና 12 ረጃጅም ሸክላዎችን እንዳወጣ ይነገራል። ፊሊፕስም ወደ ገበያው ገባ። ከ1973 ጀምሮ ደግሞ ዓሊ ታንጎ በሚል ስም የሚታወቀው ዓሊ አብደላ ካይፋ በካይፋ ሪከርድስ ስም ማሳተም ጀመረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መጤን አለበት። ማተሚያው በውጭ አገር በመሆኑ የተቀረጸው ክር ባሕር ተሻግሮ ይሄዳል፤ የሚመለሰው ታትሞ ነው። መካከል ላይ "ይህችን ስንኝ ላሻሽል" ወይም "ድምፄን ትንሽ ከፍ አድርጉልኝ" ማለት አይቻልም። ከአዲስ አበባ የሚወጣው ክር ያለቀለት መሆን ነበረበት። በመሆኑም የመጨረሻው ውሳኔ ሁሉ በቀረጻው ዕለት ይፈጸማል።

3. የሦስት ደቂቃ ተኩል ሒሳብ

በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው ነጠላ ሸክላ በአንድ ገጹ በጥሩ ድምፅ የሚይዘው ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ነው። ይህ ለግጥሙ ምን ማለት እንደሆነ በምሳሌ እናስላ።

አንድ ዘፈን ሦስት ደቂቃ ተኩል፣ ማለትም 210 ሰከንድ፣ ይፈጃል እንበል። መግቢያው 20፣ የሳክስፎን ወይም የኦርጋን ጨዋታው 35፣ መዝጊያው 15 ሰከንድ ቢወስድ፣ ለሰው ድምፅ የሚቀረው 140 ሰከንድ ነው። አዝማቹ 15 ሰከንድ ወስዶ ሦስት ጊዜ ቢመላለስ 45 ይቀነሳል፤ 95 ይቀራል። አንድ የወል ቤት ስንኝ ለማዜም አራት ሰከንድ ቢበቃና እንደ ልማዱ እያንዳንዱ ስንኝ ሁለት ጊዜ ቢባል፣ አንድ ጥንድ ስንኝ 16 ሰከንድ ይፈጃል። እንግዲህ በ95 ሰከንድ ውስጥ የሚገባው ስድስት ጥንድ እንኳ አይሞላም።

ይህ ስሌት ለማሳያ የተሰጠ ነው፤ ከዘፈን ዘፈን ይለያያል። የሚያሳየው እውነት ግን ግልጽ ነው። በአዝማሪው ቤት ሌሊቱን ሙሉ ሊረዝም የሚችለው ግጥም በሸክላ ላይ አምስት ወይም ስድስት ጥንድ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ገጣሚው መምረጥ ይገደዳል። የሚጣለው የትኛው ነው? ሰው እየጠራ የሚያሞግሰው፣ ቦታና ጊዜ የሚጠቅሰው፣ በጨዋታው መካከል የሚፈጠረው ስንኝ መጀመሪያ ይወድቃል፤ የዕለቱ ተመልካች በሌለበት ጊዜ ፋይዳ የለውምና። የሚቀረው በየትም ቦታ፣ ለማንም አድማጭ ሊባል የሚችለው ነው፤ ይኸውም ናፍቆት፣ ቅሬታ፣ የዐይንና የጥርስ ውዳሴ። የዘመናዊው ዘፈን ግጥም "ስለ ፍቅር ብቻ ያወራል" እየተባለ ሲወቀስ የኖረ ነው። ከወቀሳው ጥቂቱን ሸክላው ሊሸከም ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

የአዝማቹ ክብደትም ከዚህ ይመነጫል። ስንኙ ሲቀንስ አዝማቹ በአንጻሩ ይበዛል። አድማጭ በአንድ ሰሚ የሚይዘው እሱን ነው፤ በሸክላው ክብ ወረቀት ላይ እንደ ርእስ የሚጻፈውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። በቃል ባህላችን ዘፈን የሚጠራው በዜማው ወይም በቅኝቱ ነበር፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ሸክላ ግን ለእያንዳንዱ ዘፈን የራሱን ርእስ ጠየቀ፤ ርእሱንም አዝማቹ ሰጠ።

4. አንድ ክፍል፣ አንድ ጊዜ

በዚያው ዘመን በሌላው ዓለም ስቱዲዮ ራሱን የቻለ የሙዚቃ መሣሪያ ሆኖ ነበር። ቢትልሶች በ1967 ያወጡትን ሳርጀንት ፔፐር የተባለ ሸክላ ለንደን በሚገኘው አቢ ሮድ ስቱዲዮ ለወራት ሠርተውታል፤ ባለ አራት ትራክ መቅረጫ ላይ አንዱን ድምፅ በሌላው ላይ እየደራረቡ ነበር። በአዲስ አበባ ግን እንዲህ ያለ ስቱዲዮ ለሸክላ አሳታሚው በእጁ አልነበረም። ቀረጻው በአብዛኛው የሚካሄደው በምሽት ክበብ ወይም በሆቴል አዳራሽ፣ ተመልካች በሌለበት ሰዓት፣ በጥቂት ማይክራፎኖችና በአንድ የቴፕ መቅረጫ ነበር።

በእንዲህ ያለ ቀረጻ ድምፅ የሚመጣጠነው በእግር ነው። ድምፃዊው ወደ ማይክራፎኑ ይጠጋል፤ ከበሮው ወደ ግድግዳ ይገፋል፤ ትራምፔትና ሳክስፎን ተጫዋቾች ራቅ ብለው ይቆማሉ፤ ተራቸው ሲደርስ አንድ ርምጃ ይቀርባሉ። በሦስተኛው ደቂቃ ላይ አንድ ሰው ቢሳሳት ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። ይህ ሁኔታ ሁለት ውጤት አስከትሏል። አንደኛ፣ ድምፃዊው በቃሉ አበጥሮ ያጠናውን ስንኝ ብቻ ይዞ ይቀርባል፤ ለድንገተኛ ፈጠራ ቦታ ይጠባል። ሁለተኛ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ በአንድ አየር ስለሚጫወቱ የድምፃዊውና የመሣሪያው ምልልስ እውነተኛ ምልልስ ይሆናል።

ይህ ሁለተኛው ነጥብ ለሥነ ቃል አጥኚ ትልቅ ትርጉም አለው። በአዝማሪ ዘፈን ውስጥ ማሲንቆው አጃቢ ብቻ አይደለም፤ ድምፁ ያለውን ተቀብሎ ይደግማል፣ ክፍተቱን ይሞላል፣ አንዳንዴም ያፌዛል። በሸክላው ዘፈን ይህን ሥራ የወረሱት የነሐስና የትንፋሽ መሣሪያዎች ናቸው። ወራሾቹ ከየት እንደ መጡ ይታወቃል። ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ካስመጧቸው አርባ አርመናውያን ልጆችና ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጀምሮ በከተማው የተተከለው የነፋስ መሣሪያ ትምህርት በክብር ዘበኛ፣ በፖሊስና በጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች አድጎ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር በነርሲስ ናልባንዲያን እጅ ለምቷል። ሸክላዎቹን የሠሩት አቀናባሪዎች፣ እነ ግርማ በየነና ሙላቱ አስታጥቄ፣ ከዚህ ከተማ የሙዚቃ ትምህርትና ልምምድ ጋር እየሠሩ የየራሳቸውን መንገድ አወጡ። አቀናባሪው ሳክስፎኖቹ ከየትኛው ስንኝ በኋላ እንደሚገቡ ሲወስን ግጥሙን በአርኬ እየከፈለው ነው። ይህ ሥራ በወረቀት ላይ ባዶ መስመር ሆኖ እንኳ አይታይም።

አንድ ሥራ በምሳሌነት ልውሰድ። ማሕሙድ አሕመድ በ1941 በመርካቶ ሠፈር ተወለደ፤ በልጅነቱ ጫማ ጠርጓል። በአሪዞና ክበብ በጉልበት ሥራ ሲያገለግል ሳለ ወደ መድረክ የወጣበት ታሪክ ይታወቃል፤ ከዚያም የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ድምፃዊ ሆነ። በ1975 ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራው "ኧረ መላ መላ" በካይፋ ሪከርድስ ወጣ። የርእሱን ሦስት ቃላት በወረቀት ላይ ብናስቀምጣቸው ያልተሟላ ጩኸት ናቸው፤ ማን ለማን፣ ስለ ምን መላ እንደሚለምን አይናገሩም። በሸክላው ላይ ግን እየዞረ የሚመላለሰው የባስ ጊታርና የሳክስፎኖቹ ሐረግ መውጫ እንደ ሌለው ቅጥር ድምፃዊውን ይከበዋል፤ እሱም በተመለሰ ቁጥር ያንኑ ቃል በሌላ ስሜት ይለዋል። መላ ማጣት በቃል ከተነገረው ይልቅ በቅንብሩ ተነግሯል። ይህን ዘፈን ከወረቀት ብቻ የሚያነብ ተማሪ "ደካማ ግጥም" ብሎ ቢፈርድ አይደንቅም፤ ያነበበው የሥራውን ግማሽ ነውና።

ለዚህ አንድ የውጭ ምስክር አለ። በ1986 ክራምድ ዲስክስ የተባለ የብራስልስ አሳታሚ የማሕሙድን ሥራዎች በዚሁ ርእስ አሳተመ። አማርኛ የማያውቁ አድማጮች ተቀበሉት። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፍራንሲስ ፋልሴቶ በፓሪስ በሚገኘው ቡዳ ሙዚክ በኩል ያዘጋጀው "ኢትዮፒክ" የተባለው ተከታታይ ኅትመት ያንኑ አሰፋው። እነዚህ አድማጮች ከግጥሙ አንዲት ስንኝ አልገባቸውም። የገባቸው ነገር ግን ነበረ፤ እሱም በቀረጻው ክፍል የተሠራው ነው።

5. ክሩና መርካቶ

ከ1974ቱ አብዮት በኋላ የከተማው ምሽት በሰዓት እላፊ ታጠረ፤ አምሃ እሸቴም በ1975 አገር ለቀቀ። ሸክላ ጥቂት ዓመታት ቆየ። ዋልያስ ባንድ በ1977 በካይፋ ያወጣው "ቼ በለው" ከመጨረሻዎቹ ረጃጅም ሸክላዎች አንዱ ነው። በ1978 ኃይሉ መርጊያ ከዳህላክ ባንድ ጋር በግዮን ሆቴል የቀረጸው "ወደ ሐረር ጉዞ" የወጣው በካሴት ነበር። ከዚያ ወዲህ የአማርኛ ዘፈን ቤቱ ክር ሆነ።

የክር ከተማ ደግሞ መርካቶ ነው። መርካቶ የገበያነቱን ቦታ ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ገበያው ከአራዳ፣ ከጊዮርጊስ አጠገብ፣ ተነሥቶ ወደ አዲስ ከተማ በተወሰደበት ጊዜ ነው። እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ተራ ባለበት በዚህ ገበያ ካሴትም እንደ ሸማና እንደ ብረት በጅምላ ይሸጥ ጀመር። ከአውቶቡስ ተራ ጋር መጎራበቱ ትልቅ ጥቅም ነበር። ከደሴ፣ ከጅማ ወይም ከጎንደር የመጣው ነጋዴ ከጨርቁና ከሳሙናው ጋር ካሴት ሸክፎ በማግሥቱ ይሳፈራል። ሸክላ ማጫወቻ ያለው ሰው ጥቂት ነበር፤ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ቴፕ ግን ገጠር ድረስ ዘለቀ።

ይህ ለዘፈኑ ቅርፅ ምን አመጣ? በመጀመሪያ ጊዜውን አሰፋው። የ60 ደቂቃ ካሴት በአንድ ገጹ 30 ደቂቃ ይይዛል። ዐሥር ያህል ዘፈኖች ቢገቡበት ለእያንዳንዱ ከአምስት እስከ ስድስት ደቂቃ ይደርሳል፤ ከሸክላው በእጅጉ የሰፋ ነው። ስንኝ ተመልሶ በዛ፤ አዝማቹም አብሮት በዛ። ሸክላ ገጣሚውን እንዲመርጥ ያስገድደው ነበር፤ ካሴት እንዲሞላ አስገደደው። ከዚህ ዘመን ዘፈኖች መካከል መጨረሻቸው የመጀመሪያውን ስንኝ መድገም ብቻ የሆኑ ብዙ ናቸው። ምክንያቱን በገጣሚው ስንፍና ብቻ ከመፈለግ በክሩ ርዝመት መፈለግ ይሻላል።

ቀጥሎ፣ የዘፈኖቹን ቅደም ተከተል ትርጉም ሰጠው። የጅምላ ገዢው ካሴቱን ሙሉ የሚሰማበት ጊዜ የለውም። የሚሰማው የመጀመሪያውን ገጽ የመጀመሪያ ዘፈን፣ ያውም መግቢያውንና አንድ አዝማች ነው። የሚሰማውም በጸጥታ አይደለም፤ ከሱቁ ደጃፍ በተንጠለጠለ ድምፅ ማጉያ፣ በተሸካሚዎች "ዞር በሉ" ጩኸትና በጎረቤት ሱቅ ካሴት መካከል ነው። በአነስተኛ ማጉያ የባስ ድምፅ ይጠፋል፤ የሚቀረው የሰው ድምፅ፣ የከበሮው ጽናጽልና የኪቦርዱ ከፍተኛ ድምፅ ነው። በአሜሪካ ሞታውን የተባለው ኩባንያ ዘፈኖቹን በመኪና ሬዲዮ ማጉያ ልክ እየሞከረ ያወጣ እንደ ነበር ይታወቃል፤ ገዢው የሚሰማው እዚያ ላይ ነውና። የኛም ካሴት ፈተናውን የሚቀበለው ከመርካቶ ደጃፍና ከታክሲ ውስጥ ነበር። የ1980ዎቹና የ1990ዎቹ ካሴቶች ላይ ድምፃዊው ከባንዱ በላይ ጎልቶ፣ ኪቦርዱ ጠርቶ የሚሰማበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ሦስተኛው፣ ለእኛ ሙያ የሚቀርበው፣ ግልበጣው ነው። ካሴት በማንኛውም ባለ ሁለት ቴፕ ማጫወቻ ሊገለበጥ ይችላል። ከግልባጭ ግልባጭ ሲወጣ እንደ ጭስ ያለ የክር ድምፅ እየጨመረ፣ ቀጭኑ ድምፅ እየደበዘዘ ይሄዳል። የቴፑ ፍጥነት ከተለያየ ደግሞ ዘፈኑ ራሱ ይለወጣል። ስድስት በመቶ የፈጠነ ቴፕ ድምፁን በግማሽ ድምፅ ከፍ ያደርገዋል፤ የ210 ሰከንዱን ዘፈን ወደ 198 ሰከንድ ያሳጥረዋል። ቅኝቱ አይፋለስም፤ በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ያው ነውና። የድምፃዊው የድምፅ ክልልና የዘፈኑ ፍጥነት ግን ሐሰት ይሆናሉ። ስለ አንድ ድምፃዊ "ቀጭን ድምፅ አለው" ብለን የጻፍነው ስለ እሱ ይሁን ስለ ቴፑ ባትሪ ድንጋይ መጠየቅ ይኖርብናል።

6. ከባንድ ወደ አንድ ሰው

በ1980ዎቹ እንደ ሮሃ ባንድ ያሉት ቡድኖች ለብዙ ድምፃውያን ካሴት ሠሩ። ቀስ በቀስ ግን ባለ ብዙ ትራክ መቅረጫ፣ ኪቦርድና ከበሮ ተክቶ የሚመታ መሣሪያ መጣ። ከአገር ውጭ ያሉትም ይህን ለውጥ አፋጠኑት። ኃይሉ መርጊያ በ1985 በዋሽንግተን "ሸሞንሟናዬ"ን ሲሠራ አኮርዲዮኑን፣ ኪቦርዱንና የከበሮ መሣሪያውን እያደራረበ የቀረጸው ብቻውን ነው። አስቴር አወቀ በ1989 በለንደን ያሳተመችው "አስቴር" ደግሞ የአማርኛ ዘፈን በዘመኑ ደረጃ በተሟላ ስቱዲዮ ሲሠራ ምን እንደሚሰማ አሳየ። በአገር ቤትም በ1990ዎቹና ከዚያ በኋላ አቀናባሪው የባንዱን ሥራ ጠቅልሎ ያዘ። በ2019 ያረፈው ኤልያስ መልካ በበገና ስቱዲዮ የሠራቸው ሥራዎች የአንድ አቀናባሪ እጅ በልዩ ልዩ ድምፃውያን ላይ እንዴት እንደሚታወቅ ያስረዳሉ።

በዚህ አሠራር የቅደም ተከተሉ ነገር ተገለበጠ። ቀድሞ ባንዱ ድምፃዊውን ይከተል ነበር፤ ድምፃዊው ስንኝ ቢያስረዝም ከበሮው ይጠብቀዋል። አሁን ሙዚቃው አልቆ ይቆያል፤ ድምፃዊው በጆሮው ማዳመጫ አድርጎ ብቻውን ይገባበታል። ክፍተቱ በቁጥር የተወሰነ ነው፤ ስንኙ ቢረዝም የሚቆረጠው ስንኙ ነው። የማሲንቆው ምላሽ ሆኖ የቆየው የመሣሪያ ቅብብል ምላሽነቱን አጥቶ ቀድሞ የተጻፈ መልስ ሆነ። ጥራቱ ግን ጨመረ፤ እያንዳንዱ ፊደል ጠርቶ ይሰማል፤ ሹክሹክታ እንኳ ከከበሮ በላይ ሊወጣ ይችላል። የግጥሙ አነጋገርም በዚሁ መጠን ለሰሚው ቀርቦ እንደሚያወጋ ሰው ሆነ፤ ለአዳራሽ የሚጣራው ድምፅ ቀነሰ። ይህ የተሻለ ወይም የባሰ ነው ለማለት አይደለም። የቋንቋው አጠቃቀም ከመሣሪያው ጋር አብሮ መለወጡን ለማመልከት ነው።

7. ቅጂን እንደ ቅጂ ማንበብ

የብራና ጽሑፍ አጥኚ አንድን ገድል ሲያጠና "የትኛው ቅጂ?" ብሎ ይጀምራል። የተጻፈበትን ዘመን፣ ጸሐፊውን፣ ከየትኛው እናት ቅጂ እንደ ተገለበጠ፣ የተፋቀና የተጨመረ እንዳለው ይመረምራል። ለዘፈን ይህን ጥንቃቄ አላደረግንም። አንድ ዘፈን በነጠላ ሸክላ፣ በኋላ በካሴት፣ በኋላም ከሌላ ባንድ ጋር በአዲስ ቅንብር ሲወጣ ሦስቱን እንደ አንድ እንጠቅሳለን። እኔ ግን ሦስት ንባቦች ናቸው እላለሁ። ስለሆነም ለዘፈን ጥናት የሚከተሉትን አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ ከዘፈን የተጠቀሰ ግጥም ሁሉ ከየትኛው ኅትመት እንደ ተወሰደ፣ ሸክላ ይሁን ካሴት፣ ዓመቱና የደቂቃው ርዝመት ይገለጽ። ሁለተኛ፣ ግጥሙ ሲገለበጥ የመሣሪያ ምላሽ የሚገባበት ቦታ፣ የአዝማቹ ድግግሞሽና የተደገመው ስንኝ ሳይቀነስ ይመልከት። ሦስተኛ፣ ከገጣሚውና ከድምፃዊው ስም ጋር የአቀናባሪው፣ የባንዱና የቀራጩ ስም ይጠቀስ።

ይህን ያለሁት ለሥርዓት ያህል ብቻ አይደለም። ሕጋችን ልዩነቱን ቀድሞን ተረድቶታል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው ከሚሰጠው መብት ሌላ ለከዋኙና ለድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዱዩሰሩ የየራሳቸውን መብት ይሰጣል። ይህም ማለት የተቀረጸው ድምፅ ከግጥሙና ከዜማው የተለየ ሥራ መሆኑን ሕጉ አውቋል ማለት ነው። የሥነ ጽሑፍ ሂሳችን ግን ገና ወረቀቱ ላይ ነው።

ጊዜውም አይጠብቀንም። አምሃ እሸቴና አለማየሁ እሸቴ ሁለቱም በ2021 አርፈዋል። "ሸሞንሟናዬ" እንደገና ወደ ዓለም አድማጭ የተመለሰው አንድ የውጭ አገር ሰብሳቢ ባሕር ዳር ውስጥ ካሴቱን ስላገኘ ነው፤ በ2013ም ታተመ። ካሴቱን ያገኘ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ዘፈን ቀርጾበት ወይም ጥሎት ይሆናል። ካሴት ዛሬ ከገበያ ወጥቷል፤ ዘፈን በስልክ ይጫናል። በምናለሽ ተራ ክራቸው የተመዘዘ ካሴቶች ከሌላ ፕላስቲክ ጋር ተደባልቀው፣ ለማቅለጫ ሲከመሩ አይቻለሁ። ሽፋናቸው ላይ የባንዱና የአቀናባሪው ስም ይነበብ ነበር፤ ይህ ስም በሌላ በየትኛውም ሰነድ ላይ ላይገኝ ይችላል። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምና ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ብራናን እንደሚሰበስቡ ሁሉ ሸክላንና ካሴትን ከነሽፋናቸው ቢሰበስቡ፣ ዋጋው በኪሎ ከሚሸጠው ፕላስቲክ ብዙ አይበልጥም።

8. መደምደሚያ

በአጠቃላይ፣ ዘመናዊው የአማርኛ ዘፈን በሦስት ልኮች ተሰፍሯል። ሸክላው ግጥሙን አሳጥሮ አዝማቹን አነገሠ፤ በአንድ ክፍል የተደረገው ቀረጻም የማሲንቆውን ምላሽ ለሳክስፎን አወረሰ። የመርካቶ ካሴት ግጥሙን መልሶ አስረዘመ፤ የደጃፉን ጫጫታ የሚያሸንፍ ድምፅም ጠየቀ። ባለ ብዙ ትራኩ ስቱዲዮ ድምፃዊውን ከባንዱ ለይቶ ግጥሙን በተዘጋጀ ክፍተት ውስጥ አስገባው። በየዘመኑ ገጣሚዎቹ የሠሩት በእነዚህ ልኮች ውስጥ ነው፤ ችሎታቸውም የሚመዘነው በዚያው ልክ ነው። ስለዚህ ተማሪዎቻችን የዘፈን ግጥም ይዘው ወደ ክፍል ሲመጡ ከወረቀቱ ጋር ማጫወቻውንም እንዲያመጡ ብንጠይቃቸው፣ ከሁሉ በፊትም "ይህን የሰማችሁት ከየትኛው ቅጂ ነው?" ብንላቸው መልካም ይመስለኛል።